ወደ ኋላ የተገፋው የሾፌር ወንበር

በሉ እንግዲህ ዝም በሉ። የስልካችሁን መብራት አጥፉ፤ ባትሪው ነገ ያስፈልጋችኋል። ሕፃን የያዛችሁ ወደ መሀል ጠጋ በሉ፣ መስኮቱ ብርድ ያስገባል። ጋሽ አድማሱ የሞተሩን ቀበቶ ይዞ እስኪመለስ ድረስ ያለሁላችሁ እኔ ነኝ። ረዳት ነኝ። ሾፌር በሌለበት አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ረዳት ንጉሥ ነው።

አንተ ባለ ሻንጣው፣ ተቀመጥ። አውቃለሁ፣ ጠዋት ቀጠሮ አለብህ። ያ ታች ብልጭ የሚለው የመንደር መብራት ቅርብ መስሎሃል። በእግሬ ልውረድ ትላለህ። ብቻህን? በዚህ ጨለማ? ከዚህ መታጠፊያ? ተቀመጥ ወንድሜ። ጋሽ አድማሱ እንኳ ብቻውን አልሄደም፤ አይሱዙ ለምኖ፣ ከሁለት ሰዎች መሀል ተጣቦ ነው የሄደው። አይሱዙውም ቢሆን እዚህ አልቆመለትም። አያችሁት አይደል? ከመታጠፊያው አልፎ ነው የቆመው። ጋሽ አድማሱ በዚያ እድሜው፣ በዚያ አጭር እግሩ እየሮጠ ተከተለው። ለምን እዚህ አልቆመም? እሱን ልነግራችሁ ነው።

ቅድም ለሽንት አቁሙልን ብላችሁ ስትጮሁ ጋሽ አድማሱ መልስ አልሰጣችሁም። ክፉ ሰው ነው ብላችሁ አማችሁት። እኔም ሰምቻችኋለሁ፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ክፉ አይደለም። በዚህ መስመር የሚሠራ ሾፌር እዚህ መታጠፊያ ላይ አይቆምም። ሁለቴ ክላክስ ይነፋል፣ ያልፋል። አዲስ ሾፌር ሲቀጠር ከደመወዙ በፊት የሚነገረው ይኸ ነው። ዛሬ ግን ቀበቶው እዚሁ ተበጠሰ። ወርዳችሁ ገፋችሁ፤ ዳገት ነው፣ አልሄደም። የጋሽ አድማሱን ፊት አይታችኋል? አመድ መስሎ ነበር። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ፣ ወደ እኔ ዞረና ሰዎቹን ያዛቸው፣ ማንም ብቻውን እንዳይወርድ አለኝ። እኔ ደግሞ ሰው የምይዝበት ገመድ የለኝም፤ ያለኝ አፌ ነው።

በሉ ስሙ። ብትፈሩ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

ድሮ ነው። ይህ አስፋልት ገና ጠጠር በነበረ ጊዜ ነው። እዚያ ታች መንደር አንድ ሰው ነበር። ዘርጋው ይባላል። መካኒክ ነበር። ጋራዥ አለኝ ይላል እንጂ ጋራዡ የዋርካ ጥላ ነው። ከጥላው ስር ክሪክ አለ፣ መፍቻ አለ፣ ካቻቢቴ አለ፣ አለቀ። ዘርጋው አጭር ሰው ነበር። አጭር መሆኑን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ይህ አጭር ሰው አንዲት ትንሽ መኪና ነበረችው። ነጭ ናት። የኋላ በሯ እንደ ሳጥን ክዳን ወደ ላይ ብድግ የሚል። ለሜዳ መንገድ ጎበዝ ነበረች። ሜዳ ላይ ማን ጎበዝ ያልሆነ አለ?

ሚስቱ ብርቄ ትባላለች። ብርቄ አንድ ጊዜ አርግዛ ነበር። ምጧ ሲመጣ ዘርጋው በዚያችው መኪና ጫናት። ሆስፒታሉ ከላይ ነው፣ ከተማ ውስጥ። መንደሩ ታች ነው። በመሀል ይህ ዳገት አለ። መኪናዋ ከዳገቱ ግማሽ ስትደርስ ተንቀጠቀጠች፣ ሳለች፣ ቆመች። ገፋት፣ እምቢ አለች። ሰው ተጠርቶ፣ ቃሬዛ መጥቶ፣ ብርቄን ተሸክመው ከተማ ሲደርሱ ልጁ ሞቶ ነበር።

ዘርጋው ያን ቀን ማታ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ አለቀሰ። መካኒክ ሲያለቅስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያሳዝናል። እጁ ግሪስ ስለሆነ እንባውን መጥረግ አይችልም። ዝም ብሎ ይወርዳል።

ከጊዜ በኋላ ብርቄ እንደገና አረገዘች። መንደሩ ደስ አለው፣ ብርቄ ደስ አላት፣ ዘርጋው ግን ፈራ። ሆዷ በገፋ ቁጥር ቀና ብሎ ዳገቱን ያያል። ለዚች መኪና ጉልበት ያለው ሞተር ካላገኘሁላት ይህንንም ልጅ እቀብራለሁ ይላል። ነገሩ ይኸው ነው። የሚፈልገው ይህን ዳገት ሳይቆም የሚወጣ ሞተር ነው። ከየት ይምጣ? በዋርካ ስር ሞተር አይበቅልም።

አንድ ቀን በቀትር አንድ እንግዳ ሰው በዚህ መንገድ መጣ።

በቀትር ነው ያልኩት። ምነው ሳቃችሁ? መንፈስ በሌሊት ብቻ የሚወጣ የመሰላችሁ የከተማ ልጆች ናችሁ። እናቶቻችሁ በቀትር ብቻችሁን ወንዝ እንዳትወርዱ አልከለከሏችሁም? በቀትር ጥላችሁ ከእግራችሁ ስር ይገባል። ወፍ ዝም ይላል። መንገዱ ላይ ሰው አይገኝም። ሌሊትማ ምን አለ? ሌሊት ያለው ጅብ ነው። ስለዚህ አትፍሩ፣ አሁን ሌሊት ነው። ይህ የምነግራችሁ ሰውዬ የቀትር ነው።

እና እንግዳው መጣ። ቀይ መኪና ይነዳል። ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ የእሽቅድምድም መኪና። ከየት መጣ? አይታወቅም። ወዴት ይሄዳል? አይታወቅም። ብቻውን ነበር። ይህን መታጠፊያ፣ አሁን እኛ የቆምንበትን፣ በዚያ ፍጥነት ገባበት። መንገዱ ታጠፈ። እሱ ቀጥ ብሎ ገደል ገባ።

የመንደሩ ሰው ከገደሉ አውጥቶ ቀበረው። ወረቀት አልተገኘበትም፣ ዘመድ አልመጣለትም። የታወቀ ነገር ቢኖር ረጅም መሆኑ ነው። ሲያወጡት የመኪናው ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቶ ነበር፣ እሱም ተኝቶ ሊነዳ ምንም አልቀረው። ቃሬዛው አጠረው፤ እግሩ ውጭ ተንጠልጥሎ ነው ቤተክርስቲያን የደረሰው። ጉድጓዱም አጠረው። ቀባሪዎቹ ካስገቡት በኋላ መልሰው አውጥተው፣ እሱን አጠገባቸው አጋድመው፣ እንደገና ቆፈሩ። ረጅም መሆኑንም ያዙልኝ።

ሽማግሌዎቹ መኪናዋ እንዳትነካ አሉ። አርባው ይውጣ፣ ምናልባት ዘመድ ይመጣል። ባይመጣም የሟች ነፍስ አርባው እስኪወጣ ከዕቃው አትርቅም፣ ይህ የታወቀ ነው አሉ። ሁሉም እሺ አለ። ዘርጋውም እሺ አለ። ቤቱ ገብቶ ግን በጣቱ ቆጠረ። የብርቄ ወር የሚገባው ከአርባው በፊት ነው። እንደገና ቆጠረ። ያው ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አንቺ ሕፃን የያዝሽው፣ አርባው እስኪወጣ ትጠብቂ ነበር? አየሽ። እሱም አልጠበቀም።

ብርቄ ግን ነግራዋለች። አርባው ይውጣ፣ የሰው ሞተር ላይ ተጭኜ ልወልድ አልሄድም አለችው። እሱ ደግሞ አንድ ጥማድ በሬና ገመድ ይዞ ወደ ገደሉ ወረደ። ቀይዋ መኪና በጀርባዋ ተገልብጣ ተኝታለች። ዘርጋው ባለጌ አይደለም፤ ሥነ ሥርዓት ያውቃል። ባርኔጣውን አወለቀ። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ዳገቱ አስቸግሮኛል፣ ሞተርህን ልወስድ ነው፣ አርባህ ሲደርስ ተዝካርህን አወጣልሃለሁ አለው። ጠበቀ። መልስ የለም። ዝም ሲል ጊዜ ፈቅዶልኛል አለና መፍቻውን አወጣ።

ሞተሩን በበሬ ጎትቶ ዋርካው ስር አደረሰው። ከፈተው። ፒስተን የለም።

ፒስተን ምን እንደሆነ የማታውቁ፦ ሞተር ውስጥ ላይ ታች እያለ ዱግ ዱግ ዱግ የሚለው ነው። የኛ አውቶቡስ አለው፣ አይሱዙውም አለው። የዚህ ሞተር ሆድ ውስጥ ግን ያለው ሳምቡሳ የመሰለ ብረት ነው። ሦስት ማዕዘን ሆኖ ጎኑ ነፋ ያለ። እሱ ነው የሚሽከረከረው። ላይ ታች የለም፣ ዱግ ዱግ የለም፣ ብቻ ይዞራል። ሮታሪ ይባላል። ዘርጋው እንዲህ ያለ ሞተር እንዳለ በወሬ ሰምቶ ነበር፤ አላመነም ነበር። አሁን ሳምቡሳውን በእጁ ይዞ ተቀመጠ። ብርቄ ምሳ ስትጠራው አልሰማትም።

ሞተሩ ጉልበቱ ብዙ ነው፣ ቁመቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ ከትንሿ መኪና አፍንጫ ውስጥ ገባ። መግባቱን ገባ እንጂ ሞተሩና ካምቢዮው አልተዋወቁም። የዚህ ብሎን ሲገጥም የዚያ ቀዳዳ ይርቃል። ዘርጋው ቆረጠ፣ ከተማ ወስዶ አስበየደ፣ አመጣ፣ አልገጠመም፣ እንደገና ቆረጠ። ኮፈኑ አልዘጋ አለው፣ በመዶሻ አሳመነው። በመጨረሻ ቁልፉን አዞረ።

ድምፁ ዱግ ዱግ አይደለም። ብርርርርር ነው። ከሩቅ ስትሰሙት የተናደደ የንብ ቀፎ ነው። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ አየ። ዘርጋው የዚያን ቀን የሳቀውን ያህል ከዚያ በፊት ስቆ አያውቅም።

አሁን መንፈሱ የት አለ ትሉኛላችሁ። ቆዩ። መንፈስ እንደናንተ ተጋፍቶ አይሳፈርም፤ ቀስ ብሎ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዘርጋው መኪናዋ ውስጥ ገባ። ተቀመጠ። እግሩ ፍሪሲዮን ላይ አልደርስ አለ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ዘርጋው ብርቄን ጠርቶ አንቺ ነሽ የገፋሽው አላት። እኔ በዚህ ሆዴ ከመሪ ኋላ ምን ልሠራ እገባለሁ አለችው። የወንበሩ ሐዲድ አርጅቷል ማለት ነው አለና ወደ ፊት ሳበው።

በነጋታው ወንበሩ እንደገና ወደ ኋላ ሄዷል። የውስጡ መስታወት ደግሞ ወደ ላይ ዞሮ ጣራ ጣራ ያያል፤ አጭር ሰው ቢቀመጥበት የሚያየው የራሱን ኮፍያ ነው። ዘርጋው የመስታወቱ ብሎን ላልቷል አለ። አጠበቀው።

ከዚያ ጣራው። ከሾፌሩ ወንበር በላይ፣ ጣራው ከውስጥ ወደ ውጭ አብጦ ተገኘ። የድስት ክዳን ያህላል። ዘርጋው ፀሐይ ነው፣ ብረት በፀሐይ ይለጠጣል አለ። በመዶሻ መልሶ አስተካከለው። ሲነጋ አብጦ አደረ። አስተካከለው። አብጦ አደረ። አንድ ቀን ደግሞ ከመሪው ግራና ቀኝ፣ ዳሽቦርዱ አቧራ ላይ፣ ሁለት ክብ ክብ ምልክት ታየ። ጉልበት የተደገፈበት ይመስላል። ዘርጋው ለዚህ ምክንያት ሲፈልግ ዋለ። ለሁሉ ነገር ምክንያት የሚያገኝ ሰው ነበር፤ ለዚህ ግን አጣ።

ብርቄ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ሰውዬው ከሞተሩ ጋር መጥቷል፣ መኪናችን ደግሞ ጠቦታል አለች። ሳትጮህ ነው ያለችው።

ዳገቱን ሊሞክር ወጣ። ሰዓቱን ልንገራችሁ? ቀትር ነበር። መኪናዋ ዳገቱን እንደ ፍየል ወጣችው። በመጀመሪያው ምጥ የቆመችበትን ቦታ አለፈች፣ ሳትስል አለፈች። ዘርጋው ብቻውን እየጮኸ ነበር፣ በደስታ። እዚህ መታጠፊያ ሲደርስ ሞተሩ ጸጥ አለ። እንደ ሰው ዝም አለ። ዘርጋው ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ምንም የጎደለ የለም። ዘይት አለ፣ ቤንዚን አለ፣ እሳት አለ። አካባቢው ጸጥ ብሏል፣ ወፍ የለም። ዘርጋው ኮፈኑን ዘጋና መኪናዋን ወደ ኋላ አንከባሎ መንደር ገባ። ለማንም አልተናገረም።

ምን ማድረግ ነበረበት? ሞተሩን አውጥቶ መመለስ ነበረበት። እሺ፣ አሮጌውን ሞተር ከየት ያምጣ? በትኖ ሸጦታል። ጊዜስ አለው? ብርቄ በሌሊት እየተነሳች ወገቧን ትይዛለች። ያለው ያ ሞተር ብቻ ነው፤ ያ ሞተር ደግሞ ሰው አለበት።

ምጧ መጣ። መቼ? እናንተው ንገሩኝ። አዎ፣ ቀትር ላይ።

ዘርጋው የኋላውን ወንበር አጠፈ፣ ፍራሽ አነጠፈ፣ ብርቄን አስተኛት። ወንበሩን ወደ ፊት ስቦ በሽቦ አሰረው። ነዳ። መኪናዋ ብርርርር እያለች ዳገቱን ተያያዘችው። ብርቄ ከኋላ ፍራሹን ትነክሳለች። ዘርጋው ፈጣሪን ይለምናል፤ መታጠፊያው ሲታየው ደግሞ ሟቹን መለመን ጀመረ። መታጠፊያው ላይ ደረሱ። ሞተሩ ጸጥ አለ።

ሽቦው ተበጠሰ። ወንበሩ ዘርጋውን ተሸክሞ ወደ ኋላ ሄደ።

ዘርጋው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ዞረ። ጋቢና ላይ ሰው አለ። መጀመሪያ ያየው ጉልበት ነው። ሁለት ጉልበት፣ ጆሮ አጠገብ ደርሶ። ከዚያ እጅ አየ፣ ጉልበቱን አቅፎ። ከዚያ አንገት፣ ታጥፎ። ፊቱ ጣራው ስር ተጣሞ ወደ ዘርጋው ያያል። አፈሩ ገና ቅንድቡ ላይ ነው።

«ጠበበኝ» አለ።

ዘርጋው እንደምንም ብሎ ሚስቱ ልትወልድ መሆኑን ነገረው።

«አውቃለሁ። ሞተሩን ስትወስድ ነግረኸኛል።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ሞቼ ስለነበር ነው» አለ ሰውዬው።

ምን ትመልሳላችሁ ለዚህ? ሰውዬው ቀጠለ። አርባዬ ሳይወጣ ቀሰቀስከኝ፣ ሞተሩ በሄደበት እሄዳለሁ፣ ይህች መኪና ደግሞ አልቻለችኝም፣ መቃብር ጠበበኝ ብዬ ሳልጨርስ እዚህ አመጣኸኝ አለው። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ይሄ ነው ዘርጋውን የባሰ ያስፈራው።

ከኋላ ብርቄ ቀና አለች። አየችው። ላብ በላብ ሆናለች፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል። ይህችን ሴት አከብራታለሁ፤ ሳላውቃት አከብራታለሁ።

«ዘርጋው» አለች፣ «ይህን ሰውዬ ወይ አስወርደው፣ ወይ ይንዳ።»

ዘርጋው ሰፊ መኪና እሰጥሃለሁ አለው። ከየት አምጥቶ? አንድ ክሪክና አንድ ዋርካ ያለው ሰው! ግን አንዴ ልጁ የሞተበት ሰው ነው፤ ያን ሰዓት ጨረቃን አምጣ ቢሉት እሺ ይላል። እዚህ መታጠፊያ ላይ መጀመሪያ የሚቆመው ሰፊ መኪና ያንተ ይሁን አለው።

«ጣራው ከፍ ያለ?»

«ቆመህ የምትሄድበት።»

«ሰው ይኖርበታል? ብቻዬን መንዳት ሰልችቶኛል።»

ዘርጋው ወደ ኋላ ዞሮ ብርቄን አየ። ዓይኗን ጨፍናለች፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «ሞልቶ ይመጣል» አለ።

«በቀትር ብቻ ነው?»

«ቀንም ይሁን ማታ። ብቻ አሁን ሂድልኝ።»

ቀንም ይሁን ማታ። አዎ፣ እንዲህ ነው ያለው። ቅድም አትፍሩ ሌሊት ነው ስላችሁ ይህችን ረስቻት ነበር። ይሁን፣ ይለፍ።

ቦታ ተለዋወጡ። ዘርጋው ወደ ጋቢና ተሻገረ፣ ረጅሙ ሰው መሪውን ያዘ። እንዴት ነዳ መሰላችሁ? ዘርጋው በኋላ ሲናገር መኪናዋ መሬት የነካችው ለይሉኝታ ያህል ነው ይላል። ዳገቱ አለቀ፣ ከተማው መጣ፣ የሆስፒታሉ በር መጣ። ዘበኛው ወጣ። ትንሽ ነጭ መኪና ቆማለች፣ ጋቢና ላይ አንድ አጭር ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል፣ ኋላ ላይ ሴት ታምጣለች፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ ማንም የለም፣ መሪው ግን ቀስ እያለ ይስተካከላል። ዘበኛው አየ። በሩን ከፈተ። እጁን አንስቶ ሰላምታ ሰጠ። በማግስቱ ሥራውን ለቀቀ።

ልጅ ተወለደች። በሕይወት። ዘርጋው ሲያቅፋት እጁን ሦስቴ በሳሙና ታጥቦ ነበር ይባላል፣ እንባውን እንዲጠርግበት። ልጅቷ አድጋ በጣም ረጅም ሆነች። እናትም አባትም አጭር ናቸው። እኔ ምንም አላልኩም።

ከዚያ ዘርጋው ሞተሩን አወጣ። በሬ ጠምዶ ቤተክርስቲያን ወሰደውና ከባለቤቱ ጎን ይቀበርልኝ አለ። ቄሱ ሞተሩን ዞረው አዩት። ለሞተር ፍትሐት የለም፣ ሂድ አሉት። አርባው ሲደርስ ግን ተዝካሩን አወጣ። ጠላ ተጠመቀ፣ መንደሩ በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር አለ። የዚህ ሰው ነፍስ ያን ቀን አርፋለች፣ እኔ አምናለሁ። ዘርጋው የሰጠው ቃል ግን አላረፈም። ተዝካር ቃልን አያነሳም። ሞተሩን አምጥቶ እዚሁ መታጠፊያ ላይ ቀበረውና ድንጋይ ከመረበት።

አዎ፣ ባለ ሻንጣው፣ ቅድም ጫማህን ለማሰር የተቀመጥክበት ክምር ነው።

እና ከዚያ ወዲህ እዚህ የሚቆም የለም። ሾፌሮች ሁለቴ ክላክስ ነፍተው ያልፋሉ። የመጀመሪያው ሰላምታ ነው፣ ሁለተኛው ይቅርታ፣ ዛሬ አንቆምም ማለት ነው። በእግር የሚሄድ ሰው ደግሞ ብቻውን አይወርድም። ብቻውን የወረደ ሰው አጠገቡ የሚራመድ ያገኛል። ክፉ አያደርግም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ ሰፊ መኪና አልመጣም ወይ? ይላል። ድምፁ የሚመጣው ከበላይህ ስለሆነ ማን ነው ብለህ ቀና ትላለህ። ቀና ብለው ያዩ ሁሉ ታች መንደር ከደረሱ በኋላ ስማቸውን ለማስታወስ ይቸገራሉ። ስለዚህ ብቻህን አትወርድም ወንድሜ። ብትለምነኝም አልከፍትልህም።

ምን አልክ? ተረት ነው?

ልክ ነህ። እጅ ሰጠሁ። ሰዎቹን ያዛቸው ተባልኩ፣ ያዝኳችሁ፤ ይኸው ማንም ሳይወርድ ሰዓቱ ሄደልን። ጋሽ አድማሱም አሁን ይደርሳል። እስከዚያ ትንሽ ተኙ። እኔ ወደ ፊት ሄጄ አረፍ ልበል።

አንቺ እህቴ። ከሾፌሩ ኋላ ያለሽው። እግርሽን እንደዚያ ምነው ሰበሰብሽ? ወንበሩ ተጫነሽ?

መቼ ነው የተገፋው?

አንቺ አይደለሽም የገፋሽው? ማንም ወደዚህ መጥቷል? እኔ አልነካሁትም። ጋሽ አድማሱ አጭር ሰው ነው። ትራስ ደርቦ፣ ወንበሩን እስከ መሪው ስቦ ነው የሚነዳው። ትራሱ መሬት ወድቋል።

አንድ ጊዜ የስልክ መብራት አብሩልኝ። ወደዚያ አይደለም፣ ወደ መስታወቱ። እሺ። ጣራውን ያያል።

ዝም በሉ። ሕፃኑን ዝም አሰኚልኝ። ይሰማችኋል? ከእግራችን ስር ነው። ዱግ ዱግ አይደለም። ቀበቶው የተበጠሰ ነው፣ ቁልፉ ጋሽ አድማሱ ኪስ ውስጥ ነው፣ እና ይሰማችኋል።

ባለ ሻንጣው፣ በሩን ተወው፣ አይከፈትልህም። ና፣ ተቀመጥ። ሁላችሁም ተቀመጡ። የፊት ለፊታችሁን ብረት ያዙ። በደንብ ያዙ። መንዳቱን እንኳ ይችላል።